ጋሻውን ማን ተሸከመው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ታሪክን ከመጽሐፍ አውጥቶ ሜዳ ላይ የማሳየት ልማድ ሥር ከሰደደ ቆይቷል። የጥንት ሰው የለበሰውን ለብሰው፣ የያዘውን ይዘው፣ የተዋጋበትን መንገድ መልሰው የሚያሳዩ ማኅበራት በየአገሩ አሉ። ሙዚየሞች ይጋብዟቸዋል፤ ትምህርት ቤቶችም ይጠሯቸዋል። ከሁሉም ይበልጥ ዓይን የሚስበው ደግሞ የጥንት ግሪክ ተዋጊ ነው። አናቱ ላይ የፈረስ ጭራ የቆመበት የነሐስ ራስ ቁር፣ ትልቅ ክብ ጋሻ፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም ጦር። ልጆች ይከቡታል፤ ወላጆች ስልካቸውን ያወጣሉ፤ መምህሩ «አያችሁ?» ይላል።

ምን አዩ? ጥያቄው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ «የትልልቅ ሰዎች ዕቃ ዕቃ» ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። ትክክል ግን አይደለም። ስለ ጥንቱ የግሪክ ውጊያ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ዕቃውን ሠርቶ፣ ለብሶ፣ ላብ አፍስሶ ካልሆነ በቀር መልስ አያገኙም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትዕይንቱ ለነሐሱና ለእንጨቱ እየተጠነቀቀ ስለ ሰዉ ይዋሻል። የሚዋሸውም ሐሰት በመናገር አይደለም፤ ከሰዉ የሚበዛውን ሜዳው ላይ ባለማምጣት ነው።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ ከዕቃው መጀመር ይሻላል። የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ዕቃ ስም አይቸግረውም። ጎልያድ በመጽሐፈ ሳሙኤል ብቅ ሲል ራስ ቁር ደፍቶ፣ ጥሩር ለብሶ፣ በእግሮቹ ገምባሌ አጥልቆ ነው። ለኤፌሶን ሰዎች በተላከው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይም ጥሩር፣ ራስ ቁርና ጋሻ ተዘርዝረዋል። ያ መልእክት የተጻፈው በግሪክኛ ነው። ጥሩር የተባለው በግሪክኛው «ቶራክስ» ነው፤ ሐኪሞች ዛሬም ደረትን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ጋሻ የተባለው ግን «ቱሬዎስ» ነው፤ «በር» ከሚለው ቃል የወጣ ስም ያለው፣ የሮማ ወታደር ይይዘው እንደነበረው ያለ ረጅም ጋሻ። ከዚያ ከ500 ዓመት በላይ ቀድሞ ማራቶን ላይ የተሰለፈው ግሪካዊ የያዘው ይህን አልነበረም። የእሱ ጋሻ ክብ ነው፤ ስሙም «አስፒስ»። ያዡ ደግሞ «ሆፕላይት» ይባላል፤ ከባድ መሣሪያ የታጠቀ እግረኛ ማለት ነው።

ስለዚህ ጋሻ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነውና። ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ውስጡ እንጨት ሆኖ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን የተቦረቦረ፣ ጠርዙ ወይም ፊቱ በሙሉ በቀጭን ነሐስ የተለበጠ ነው። ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይገመታል። ዋናው ብልሃት ግን አያያዙ ላይ ነው። መሐሉ ላይ «ፖርፓክስ» የሚባል የነሐስ ቀለበት አለ፤ ግራ ክንድ እስከ ክርን ድረስ በእሱ ውስጥ ይገባል። ጠርዙ አጠገብ ደግሞ «አንቲላቤ» የሚባል ማሰሪያ አለ፤ መዳፍ እሱን ይጨብጣል። ስለዚህ ክብደቱ በመዳፍ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ክንድም ይካፈለዋል። ሲደክም የጋሻው ጠርዝ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ይህን ማንበብ አንድ ነገር ነው። ክንድን አስገብቶ መያዝ ሌላ ነው። ክንዱን ያስገባ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ይገባዋል፦ ክርኑ ያለው የጋሻው መሐል ላይ ስለሆነ የጋሻው ግማሽ ከሰውየው አካል ወደ ግራ ይወጣል። ያ ግማሽ ለባለቤቱ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው በግራው በኩል የቆመውን ጓደኛውን ነው። የባለቤቱ ቀኝ ጎን ደግሞ ራቁቱን ነው፤ እሱን የሚሸፍንለት በቀኙ ያለው ሰው ጋሻ ነው። ፕሉታርክ ለስፓርታው ንጉሥ ለዴማራቶስ የሚሰጠው አንድ መልስ አለ። ራስ ቁሩንና ጥሩሩን የጣለ ሰው ሳይነቀፍ ጋሻውን የጣለው ለምን ይዋረዳል ቢሉት፣ እነዚያን የሚለብሰው ለራሱ ነው፣ ጋሻውን ግን የሚይዘው ለሰልፉ ሁሉ ነው አለ።

ቱኪዲደስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ418 ስለተደረገው የማንቲኔያ ውጊያ ሲጽፍ አንድ ነገር አስተውሏል። ሠራዊት ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ቀኝ ያዘነብላል ይላል። ምክንያቱ ፍርሃት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ያልተሸፈነ ጎኑን ወደ ቀኙ ሰው ጋሻ ያስጠጋል። መጀመሪያ የሚያዘነብለው በቀኝ ጫፍ የቆመው፣ ማንም የማይሸፍነው ሰው ነው፤ ሌላው ተከትሎት ይሄዳል።

ይህን አንቀጽ አሥር ጊዜ ያነበበ ተማሪ ፈተና ላይ ይመልሰዋል። አሥር ተማሪዎች ጋሻ የሚያህል ክብ ጣውላ ክንዳቸው ላይ አስረው፣ ከፊታቸው ኳስ እየተወረወረባቸው፣ በአንድ መስመር ሃምሳ እርምጃ ቢሄዱ ግን ማንም ሳይነግራቸው መስመሩ ወደ ቀኝ መጣመሙን ያዩታል። ከዚያ ቱኪዲደስን ሲያነቡ የሚያነቡት ስለ ራሳቸው ነው። በዚህ ዓይነት ትምህርት የማያምን ሰው ክንዱን ጋሻ ውስጥ አስገብቶ ይሞክረው።

ራስ ቁሩም ያስተምራል። የቆሮንቶስ ዓይነት የሚባለው ፊትን ከዓይንና ከአፍ በቀር ሁሉ ይሸፍናል፤ ለጆሮ ቀዳዳ የለውም። የደፋው ሰው ድምፅ እንደ ታፈነ ይሰማዋል፤ ወደ ጎን ለማየት ጭንቅላቱን ማዞር አለበት። በኋለኞቹ ዘመናት የተሠሩት ጆሮን ክፍት ማድረጋቸው ለምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ዕቃ ደፍተው ከኋላ የሚመጣን ትእዛዝ እንዴት ይሰሙ ነበር የሚለውንም ተማሪው ራሱ ይጠይቃል።

ዕቃዎቹ እስከ ዛሬ የደረሱበትም መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ግሪኮች ድል ሲያደርጉ ከጠላት የማረኩትን ለአማልክቶቻቸው ይሰጡ ስለነበር ኦሊምፒያ ከመሬት ያወጣችው የራስ ቁር ብዙ ነው። ከእነሱ አንዱ ላይ የማራቶኑ አዛዥ የሚልቲያደስ ስም ተቀርጿል፤ ለዜውስ እንደ ሰጠው ይናገራል። አቴንስ ውስጥ በጥንቱ የገበያ አደባባይ እ.ኤ.አ. በ1936 ከአንድ ጉድጓድ የወጣው የነሐስ ጋሻ ሽፋን ደግሞ ተቀጥቅጦና ተበልቶ ዛሬም 95 በ83 ሳንቲሜትር ነው። አቴናውያን ከስፓርታውያን ፒሎስ ላይ እንደ ማረኩት የሚገልጽ ጽሑፍ በነጥብ ተመትቶበታል። ይህ በ425 ቅ.ል.ክ. የሆነ ነው፤ የማይማረኩ የተባሉት ስፓርታውያን እጅ የሰጡበት ዓመት። አርጎስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 ከመቃብር የወጣው ጥሩርና ራስ ቁር ከዚህም ይቀድማል፤ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ማብቂያ ነው።

ነሐስ ይቆያል። ጨርቅ ግን ይበሰብሳል። በሸክላ ሥዕሎች ላይ ብዙ ተዋጊዎች የሚለብሱት ጥሩር ነሐስ አይመስልም፤ ትከሻው ላይ በሁለት ክንፍ የሚታሰር፣ ታች በኩል የተተለተለ ነው። «ሊኖቶራክስ» ማለትም የተልባ እግር ጥሩር የሚባለው እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ሙሉ ሆኖ የተገኘ አንድም የለም። አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የግሪን ቤይ ቅርንጫፍ ስኮት ባርቴል የተባለ ተማሪ፣ ፖምፔይ ላይ በተገኘው የታላቁ እስክንድር የሞዛይክ ሥዕል ያየውን ጥሩር ለራሱ ሠርቶ ለመምህሩ ለግሪጎሪ አልድሬት አሳየ። መምህሩ ስለ ዕቃው የተጻፈ ለመፈለግ ቢነሡ ያገኙት ጥቂት ነው። ከዚያ ለዓመታት ጨርቅ በጨርቅ ላይ እያጣበቁ ሠሩ፣ በቀስት ወጉ፣ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2013 በመጽሐፍ አወጡት። ባርቴል ጥሩሩን ለብሶ ቆሞ መምህሩ ቀስት ተኩሰውበታል፤ ቀስቱ ጨርቁ ላይ ቀረ። ተማሪ በመምህሩ ላይ ያለው እምነት እዚህ ድረስ ሲሆን ማየት ብርቅ ነው።

ግን ሥራው ትችት አላጣም። ጨርቁ በሙጫ ይጣበቅ ነበር የሚል የጥንት ጽሑፍ የለም፤ ተሰፍቶ ወይም ጠበቅ ተደርጎ ተሸምኖ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳም ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። ሠርቶ ማሳየት «ሊሆን ይችላል» ለማለት ያስችላል፤ «ሆኗል» ለማለት አያስችልም። በሙጫ የተጣበቀው ጥሩር ቀስት መመለሱ ጥሩ ጥሩር መሆኑን እንጂ ግሪኮች የለበሱት መሆኑን አያሳይም።

የክብደቱ ነገር ከዚህም ይብሳል። ሄሮዶቱስ በ490 ቅ.ል.ክ. አቴናውያን ማራቶን ላይ በፋርሶች ላይ 8 ስታድዮን፣ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ሮጡ ብሎ ጽፏል። ይህ ይቻላል ወይ? አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ቪክቶር ዴቪስ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት መጽሐፍ፣ ካሊፎርኒያ ያሉት ተማሪዎቻቸው የሠሩት ሙሉ ትጥቅ ከ70 ፓውንድ፣ ማለትም ከ30 ኪሎ ገደማ በታች አልወርድ ብሎ እንዳስቸገረ፣ ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲፋለሙም ፈጽመው እንደሚዝሉ ጽፈዋል። ከእሳቸው ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዋልተር ዶንላንና ጄምስ ቶምፕሰን ስፖርተኛ ተማሪዎችን ሸክም አስይዘው አስሩጠው፣ ሩጫው እንደ ተጻፈው ሊሆን አይችልም ብለው ነበር። በኋላ ፒተር ክሬንትስ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ማራቶን በጻፉት መጽሐፍ የተገኙትን ዕቃዎች ክብደት ተከትለው፣ ሙሉ ትጥቁ ሲባል ከኖረው በጣም የቀለለ፣ ለብዙው ሰው ከ20 ኪሎ እንኳ የማያልፍ ነበር አሉ። እንዲያ ከሆነ በሶምሶማ ሩጫ መድረስ ይቻላል።

ከሁሉም ሙከራ የሚወጣው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሁሉም ላብ አፍስሰዋል፤ ላቡ ግን የመሰከረው እያንዳንዱ ትጥቁን ሲሠራ አስቀድሞ ያስገባውን ኪሎ ነው። የዛሬ አንጥረኛ ከወፍራም ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ራስ ቁር የጥንቱን ቀጭን ነሐስ አይደለም። ክብደቱ የተሳሳተ ጋሻ ያነሣ ልጅ የሚማረው ስለ ጥንቱ ግሪካዊ ሳይሆን ስለ ዛሬው አንጥረኛ ነው። ልጁ ግን «በእጄ ይዤው አውቀዋለሁ» ይላል። በእጅ የተያዘ ስሕተት ከተነበበ ስሕተት ይልቅ ለመንቀል ያስቸግራል።

በተቃራኒው በደንብ የተሠራ ሙከራ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት የዴንድራን ትጥቅ ማንሣት ይበቃል። ይህ ከሆፕላይት በፊት ወደ 1,000 ዓመት የሚቀድም ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. በሚቄናውያን ዘመን የተሠራ፣ ከአንገት እስከ ጭን በነሐስ ሰሌዳ የሚሸፍን፣ ከአሳማ ክራንቻ ከተሠራ ራስ ቁር ጋር ከመቃብር እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ። ቅርጹን ያዩ ብዙዎች ይህ ለሰልፍ ማሳያ እንጂ ለውጊያ አይሆንም ብለው ነበር። በ2024 ግን አንድ የግሪክ ተመራማሪዎች ቡድን 13 የግሪክ ወታደሮችን አምሳያውን አልብሶ፣ በኢሊያድ ላይ የተገለጸውን ውጊያ መሠረት ባደረገ ፕሮግራም ለ11 ሰዓት አሠራቸው። የሚበሉት እንኳ በዘመኑ ይበላ ነበር የተባለውን ነው። ጨረሱ። የልብ ምታቸው፣ ሙቀታቸው፣ ድካማቸው ተመዝግቦ ታተመ። ለስድሳ ዓመት በዓይን ብቻ ሲፈረድበት የኖረ ዕቃ በሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ ለራሱ ተሟገተ።

ስለዚህ የዕቃውን ጉዳይ በሚመለከት የትዕይንቱ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። በ2011 ማራቶን ሜዳ ላይ ከተለያዩ አገሮች ተሰባስበው የውጊያውን 2,500ኛ ዓመት ሲያስቡ እንኳ ሒሳቡን ጠንቅቀው ነበር። ከ490 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ ሲቆጠር 2010 የሚመጣ ይመስላል፤ ዜሮ የሚባል ዓመት ስለሌለ ግን ትክክለኛው 2011 ነው። ለቁጥር እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ሌላውን ቁጥር ለምን ይዘለዋል?

ሌላው ቁጥር 7 ነው።

በ479 ቅ.ል.ክ. ፕላቴያ ላይ ግሪኮች ፋርሶችን ሲገጥሙ፣ ከስፓርታ 5,000 ዜጎች እንደ ተሰለፉ ሄሮዶቱስ ይናገራል። ከእነሱ ጋር 35,000 ሄሎቶች ነበሩ፤ ለአንድ ስፓርታዊ 7 ማለት ነው። ሄሎት ማለት የስፓርታ ዜጋ የሚበላውን እህል የሚያርስ፣ በመሬቱ ላይ ታስሮ የሚኖር ገባር ባሪያ ነው። ዜጋው ቀኑን ሙሉ ጦር ሲለማመድ የሚውለው እሱ ስለሚያርስለት ነው። በዘመቻም ስንቅና ዕቃ ይሸከማል፤ ጋሻ ጃግሬ ይሆናል፤ ቀላል መሣሪያ ይዞም ይዋጋል።

አሁን አንባቢ ያየውን የትኛውንም የስፓርታ ትዕይንት፣ ፎቶም ይሁን ቪዲዮ፣ ያስታውስ። ቀይ ካባ የለበሱ አሥር ሰዎች ካሉ 70 ሄሎቶች የት አሉ? አንድ እንኳ አለ? የራስ ቁሩን የጭራ ቀለም ለመምረጥ ወር ሙሉ የሚከራከር ማኅበር ከስምንቱ ሰባቱን ሲያጠፋ አይቆጨውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁሉም ሊዮኒዳስ መሆን ይፈልጋል። ከሥራ እረፍት ወስዶ፣ ከኪሱ ከፍሎ፣ ከረጢት ለመሸከም የሚመጣ የለም።

የቴርሞፒሌ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በየሲኒማ ቤቱ የታየው «300» የተባለው ፊልም ስፓርታውያንን ጥሩራቸውን አስወልቆ በራቁት ደረት አዋጋቸው። ይህንን ስሕተት ሁሉም የትዕይንት ማኅበር በኩራት ያርማል። በርዕሱ ላይ ያለውን ስሕተት ግን ጥቂቱ ነው የሚያነሣው። በመጨረሻው ቀን ከ300ው ጋር 700 የቴስፒያ ሰዎች በፈቃዳቸው ቀርተዋል፤ 400 የቴብስ ሰዎችም ነበሩ። ሄሎቶችም ነበሩ። ሄሮዶቱስ በኋላ ሬሳውን ለማየት የመጡት የፋርስ መርከበኞች የወደቁት ሁሉ ስፓርታውያንና ቴስፒያውያን መስሏቸው እንደ ነበር፣ ከመካከላቸው ግን ሄሎቶችም እንደ ነበሩ ጽፏል። ስለ ሄሎቶቹ የተጻፈው ይኸው ነው፤ ሞተው ሳለ እንኳ ሌላ ሰው መስለው።

ስፓርታ ለእነዚህ ሰዎች ምን አደረገች? ፕሉታርክ አርስቶትልን ጠቅሶ እንደሚለው፣ በየዓመቱ የሚሾሙት ኤፎሮች ሥልጣን ሲይዙ በሄሎቶች ላይ ጦርነት ያውጁ ነበር፤ ሄሎት የገደለ ሰው በደም እንዳይጠየቅ። ቱኪዲደስ የጻፈው ደግሞ ይዘገንናል። ስፓርታውያን በጦርነት ከሁሉ ይበልጥ የደከምንላችሁ ነን የምትሉ ራሳችሁን ለዩ፣ ነፃ ትወጣላችሁ ብለው አወጁ። ወደ 2,000 ያህል ተመረጡ። አክሊል ደፍተው በየቤተ መቅደሱ ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ጠፉ፤ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሞቱ ያወቀ የለም። ነፃነትን ለመጠየቅ የሚደፍረው ጀግናው ነው፣ ስለዚህ አስቀድሞ የሚያምፀውም እሱ ነው ብለው ነበር።

ይህን ታሪክ የማያውቅ ልጅ ቀይ ካባ ሲያይ ነፃነት ያያል። የሚያውቀው ደግሞ አክሊል ሲያይ ይጠራጠራል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ግሪክ ውስጥ «ወርቃማው ንጋት» የተባለው የአዲስ ናዚዎች ፓርቲ ቴርሞፒሌ ላይ በሊዮኒዳስ ሐውልት ሥር ችቦ ይዞ ሲሰለፍ የኖረው ለዚህ ነው። የአቴንስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 መሪዎቹን የወንጀል ድርጅት በመምራት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። እነሱ የወሰዱት ሰባቱ ሄሎት የተነቀሉበትን፣ ንጹሕና የሚያበራውን ስፓርታዊ ነው። ያንን ምስል ያወጡት እነሱ አይደሉም፤ ተዘጋጅቶ ነው ያገኙት።

በሌላው በኩል የሚቆመውም ሰው እንዲሁ ይጠፋል። ፋርሱ ወይ የለም፣ ወይ ልጆች እንዲስቁበት የሚወድቅ ነው። ሄሮዶቱስ ግን የንጉሥ ዘርክሲስን ሠራዊት ሕዝብ በሕዝብ ይዘረዝራል። ከእነሱ መካከል «ኢትዮጵያውያን» የሚላቸው አሉ፤ የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ፣ ከዘንባባ እንጨት የተሠራ ረጅም ቀስት የያዙ፣ ገላቸውን ግማሹን በነጭ ግማሹን በቀይ ቀለም የተቀቡ። የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ልቡ ቢሞቅ አይፈረድበትም፤ ሆኖም የሄሮዶቱስ ስም ከግብፅ በስተደቡብ በዓባይ ዳር የሚኖሩትን፣ የኩሽን አገር ሰዎች የሚያመለክት ነው እንጂ የዛሬይቱን ኢትዮጵያ አይደለም። ቢሆንም እነሱም መጥተዋል። የትኛው ትዕይንት ላይ ታዩ?

«ለልጆች መዝናኛ ነው፤ ሁሉን ነገር ማክበድ አያስፈልግም» የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር የሚያስኬደው ትዕይንቱ ራሱን መዝናኛ ብሎ ቢጠራ ነበር። «ሕያው ታሪክ» ብሎ ትምህርት ቤት ከገባ ግን በታሪክ ሚዛን ይመዘናል። ሌሎች ደግሞ ባርነትን በትወና ማሳየት ሰውን ያዋርዳል ይላሉ። ይህኛው ጠንካራ ነው፤ ልጅን በገመድ አስሮ «አንተ ሄሎት ነህ» ማለት ማስተማር አይደለም። ለዚህ ግን ገመድም ጅራፍም አያስፈልግም፤ ዕቃው ራሱ ይበቃል።

ለምሳሌ ዋጋውን ማንሣት ይቻላል። ሆፕላይት ትጥቁን የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጨረሻ ገደማ አቴንስ ስለ ሳላሚስ ደሴት ሰፋሪዎች ባወጣችው ደንብ፣ እያንዳንዱ 30 ድራክማ የሚያወጣ የጦር መሣሪያ ራሱ እንዲያቀርብ የሚያዝ ጽሑፍ በድንጋይ ላይ ይገኛል። መግዛት ያልቻለው ዜጋ ዕጣው መርከብ መቅዘፍ ነበር። በ480 ቅ.ል.ክ. ሳላሚስ ላይ የፋርስን መርከቦች የሰበረው ይህ ጥሩር የሌለው ድሃ ነው። አባታቸው በጦርነት የሞተባቸውን ልጆች ደግሞ አቴንስ ራሷ አሳድጋ፣ ሲጎለምሱ ሙሉ ትጥቅ አልብሳ፣ ቲያትር ቤት በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ታቀርባቸው ነበር። አባቱን የበላው ጋሻ በነፃ ሲሰጠው የዚያ ልጅ ፊት ምን ይመስል ነበር? አንድ መምህር ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ቢጥል ከመቶ ፎቶ ይበልጣል።

የተልባ እግሩም ጥሩር እንዲሁ ነው። የግሪን ቤይ ሰዎች በጥንቱ መንገድ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ ሲፈልጉ ሥራው ምን ያህል ሰዓት እንደሚበላ አይተዋል። ከ10 የሚበልጥ ድርብ ጨርቅ ያለው ጥሩር ማለት የሴቶች እንዝርትና ሸማ ነው። ውጊያው የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ጥሩሩን ለማሳየት የሚመጣ ማኅበር እንዝርቱንም ይዞ ቢመጣ ምን ይጎድልበታል?

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ጥሩ የነሐስ ትጥቅ ማሠራት ውድ ስለሆነ ትዕይንቱን የያዙት እንደ ጥንቱ ሁሉ አቅም ያላቸው ናቸው። ለክፍል ግን 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ኮምፔንሳቶ፣ ከኋላው የቀበቶ ቁራጭና ገመድ፣ ሰባት ኪሎ እስኪሞላ የተለጠፈ የአሸዋ ከረጢት ይበቃል። ሚናውን ደግሞ በዕጣ ማውጣት ነው፤ አቴንስ ባለ ሥልጣኖቿን በዕጣ ትመርጥ ነበርና ግሪካዊ አይደለም የሚል አይኖርም። ከስምንት ተማሪ አንዱ ጋሻውን ይይዛል፤ ሰባቱ የእሱን ውኃ፣ እህልና ጓዝ ተሸክመው ግቢውን ይዞራሉ። ከዚያ ሁሉም ተቀምጠው ስለ ቀኑ ይጽፋሉ። ስምንቱ ጽሑፍ ሲነበብ ሰባቱ ከአንዱ ምን ያህል እንደሚለይ ይሰማል።

የሚተወን ድርጊት ለሚፈልግ ደግሞ ከቴርሞፒሌ የተሻለ አለ። በ401 ቅ.ል.ክ. ዜኖፎን ከነበረበት የቅጥር ግሪኮች ሠራዊት ጋር ከመስጴጦምያ እየሸሸ፣ ከጠላት ቀድሞ አንድ ኮረብታ ለመያዝ ይሽቀዳደማል። በፈረስ ሆኖ እግረኞቹን «በርቱ» ይላል። ሶቴሪዳስ የተባለ የሲክዮን ሰው መለሰለት፦ አንተ በፈረስ ነህ፣ እኔ ጋሻ ተሸክሜ ደክሜያለሁ፣ እኩል አይደለንም። ዜኖፎን ዘልሎ ወረደ። ሰውየውን ከሰልፉ ገፍትሮ አስወጣው፤ ጋሻውን ነጥቆ የቻለውን ያህል እየፈጠነ ሄደ። የለበሰው ግን የፈረሰኛ ጥሩር ስለነበር ከበደው። ፊት ያሉትን ቀጥሉ፣ ኋላ ያሉትን እለፉኝ እያለ እየተንገዳገደ ተከተላቸው። ሌሎቹ ወታደሮች ሶቴሪዳስን እየመቱ፣ ድንጋይ እየወረወሩ፣ እየሰደቡ፣ ጋሻውን መልሶ እንዲይዝ አስገደዱት። ዜኖፎንም ፈረሱ ላይ ወጣ፤ መንገዱ ለፈረስ እስኪያስቸግር ሄደ፣ ከዚያ ፈረሱን ትቶ በእግሩ ቀጠለ። ኮረብታው አናት ላይ ከጠላት ቀድመው ደረሱ።